ገደሉን ጨርሰን በራችን ላይ

የላስታን ገደል የሚፈራ ሞተረኛ ገደል ውስጥ አይገባም ብል የሚቆጣኝ አይጠፋም። ግን እስቲ አስቡት፤ በአንድ በኩል ቋጥኝ፣ በሌላው በኩል ታቹ የማይታይ ገደል እያለ ማን ይቀብጣል? ባለጌው ሁሉ እዚያ ላይ ጨዋ ነው። ማርሹን ቀንሶ፣ የፊቱንና የኋላውን ፍሬን አመጣጥኖ፣ ዳዊት ባይደግም እንኳ "አቤቱ" እያለ ይወርዳል። ሰው የሚወድቀው ፍርሃቱ ሲያልቅበት ነው። ፍርሃት የሚያልቀው ደግሞ የት ነው? ሜዳው ላይ፣ ገበያው መግቢያ ላይ፣ የገዛ ሰፈር ውስጥ።

ይህን ያገኘሁት ከመጽሐፍ አይደለም። ግንባሬ ላይ ተጽፏል።

የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነኝ። የክትባት ሳጥን ከኋላዬ አስሬ በላስታ ቀበሌዎች ስዞር ዘጠኝ ዓመት ሞልቶኛል፤ በዘጠኙም ዓመት ወድቄ አላውቅም ነበር። ወድቆ የማያውቅ ሞተረኛ ደግሞ አንድ ክፉ በሽታ አለበት፤ ይመክራል። እኔም ያገኘሁትን ሁሉ ስመክር ኖሬያለሁ። ልቅ ጠጠር ላይ ድንገት ፍሬን አትያዝ፤ በገበያ ቀን አህያ መስታወት ስለሌላት ወደ ኋላ አታይም፤ በአንድ ሞተር ሦስት መጫን ጉዞ ሳይሆን የለቅሶ ጥሪ ነው፤ ሄልሜት ለትራፊክ ፖሊስ ሳይሆን ለራስ ቅል ነው። ምክሬ እንዲህ ያማረ ነበር።

የልጄ ክርስትና ዋዜማ ላይ አማቴ አያ ሞላ ከፍላቂት በሚኒባስ ጋሸና ደርሰው ወደ ላሊበላ የሚያመጣቸው መኪና አጡ። "እኔ አመጣቸዋለሁ" ስል ባለቤቴ ስንዱ ከልብስ ማጠቢያዋ ቀና ብላ አየችኝ።

"አባቴን? በሞተር? በዚያ ገደል?"

"በዘጠኝ ዓመት..." ብዬ ስጀምር፣

"ዘጠኝ ዓመትህን ተወውና አንድ ጭረት እንዳያገኘው" አለችኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አያ ሞላ ገብስ አምራች፣ ቁጥብና ቃላቸውን የሚመዝኑ ሰው ናቸው። ልጃቸውን ካገባሁ ጀምሮ በስሜ ጠርተውኝ አያውቁም። ለሳቸው "የስንዱ ባል" ነኝ። ክፋት የለባቸውም፤ ገና እያጣሩኝ ነው። ስለዚህ የዚያን ቀን የጫንኩት አማቴን ብቻ አልነበረም፤ ፈተናዬንም ጭኜ ነበር።

ጋሸና ላይ ብርዱ ፊት ይልጣል። ለሳቸው ያመጣሁትን ሄልሜት ሳቀርብላቸው አገላብጠው አዩትና፣ "ራሴ ድስት ነው እንዴ ክዳን የሚያሻው?" አሉኝ። በስንዱ ስም በስንት ልመና አጠለቅሁላቸው፤ ማሰሪያውንም ራሴ አገጫቸው ሥር አጠበቅሁት። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል፤ እኔ ቆሜ ነው ያሰርኩት። ጥቂት እንደሄድን ከኋላዬ "ለካ ጆሮ ያሞቃል" ሲሉ ሰማሁ።

ቁልቁለቱ ላይ ግን ከሞተሩ ወረዱ። ትከሻዬን መታ አደረጉና፣ "አንተ ቀስ እያልክ ና፤ እኔ ታች እጠብቅሃለሁ" ብለው በእግራቸው ቀደሙኝ። አንድ የከብት ነጂ ሄልሜት አጥልቀው በእግራቸው የሚሄዱትን ሽማግሌ ቆሞ አየ፤ ከኋላቸው በሰው እርምጃ የምከተለውንም እኔን አየ፤ ከዚያ ከብቱን ነዳ። ሦስት ጊዜ እንዲህ ሆነ። እንዲህ እንዲያ ስንል ገደሉ አለቀ፤ ሜዳው መጣ፤ ከተማው መጣ።

ሳይቸግር ጤፍ ብድር አሉ። ሰፈራችን መግቢያ ላይ ሄልሜቴን አወለቅሁ። ለምን? ጎረቤት እንዲያየኝ ነዋ። አማቱን ከጋሸና በሰላም ያመጣ ሰው ፊቱ ለምን ይሸፈናል? ሄልሜቱን ክንዴ ላይ አንጠለጠልኩት።

"ምነው አወለቅህ?" አሉ አያ ሞላ።

"ደርሰናል እኮ፣ አባባ።"

"ቤት ገባን?"

"ይኸው በሩ።"

እሳቸው አላወለቁም። እኔ በአንድ እጄ ጎረቤቴን ሰላም እያልኩ፣ በሌላው የፊቱን ፍሬን ጨመቅሁ። ስንዱ የክርስትናውን ነጫጭ ልብስ አጥባ የሳሙናውን ውሃ በራችን ላይ ኮብልስቶኑ ላይ ደፍታው ኖሯል። ስለ ገደሉ ያስጠነቀቀችኝ ስንዱ ማለቴ ነው። የፊት ጎማው ሸርተት አለ። እኔ ከበሩ ድንጋይ ጋር በግንባሬ ተዋወቅሁ። አያ ሞላ ተንከባለሉና በሄልሜታቸው የቆርቆሮውን በር ሁለት ጊዜ አንኳኩ።

"ማነው?" አለች ስንዱ ከውስጥ።

"እኔ ነኝ ልጄ" አሉ እሳቸው፣ መሬት ላይ እንደተኙ።

አንዲት ጭረት አልነካቻቸውም። እኔን ግን ደሙ ዓይኔን ሞልቶት ነበር። ጤና ጣቢያ የወሰዱኝ እሳቸው ናቸው፤ ነጠላቸውን ግንባሬ ላይ ተጭነው እንደያዙ። የሚሰፋኝ ባለሙያ "ከየትኛው ገደል ነው?" ሲለኝ "ከበሬ" አልኩት። መርፌውን ይዞ ሳቁን እስኪጨርስ ጠበቅሁት። አያ ሞላ ግን አልሳቁም። ስፌቱ እስኪያልቅ እጄን አልለቀቁም፤ በመጨረሻም ቀስ ብለው፣ "አይዞህ፣ ጌታቸው" አሉኝ። ስሜን ያውቁት ኖሯል።

በማግስቱ ማለዳ ራሴ በነጭ ፋሻ ተጠቅልሎ ልጃችንን ክርስትና ልናስነሳ ሄድን። ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ከአማቴ ጎን ቆሜ ሳለ ዓይናቸው የደከመ አንዲት እናት በምርኩዛቸው እየዳበሱ መጡና ፊቴ ዝቅ አሉ።

"ይፍቱኝ አባ" አሉኝ።

አያ ሞላ ጎንበስ ብለው፣ "ቄስ አይደለም እናቴ፤ ሄልሜት ያወለቀ ነው" አሏቸው።

እናት ቀና ብለው ፋሻዬን ጥቂት አስተዋሉ፤ ከዚያም እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አድርገው፣ "እንግዲያስ እሱንም እግዜር ይፍታው" ብለው አለፉ።