የወይዘሮ ቨርና ጀልባዎች

መንግሥት ገንዘብ ባወጣ ቁጥር ከገዛ ኪሱ የተመዘዘ ይመስል ሆዱን የሚቆርጠው ሰው የሌለበት ከተማ የለም። ሌላው ከተማ እንዲህ ያለውን ሰው መርጦ ምክር ቤት ያስገባዋል። እኛ ሃሊፋክሶች ግን ከዳርትማውዝ ተነስቶ ወደቡን በሚያቋርጠው የጠዋት ጀልባ ላይ፣ በስተቀኝ መስኮቱ ጥግ አስቀምጠነዋል። ክብርት ወይዘሮ ቨርና ዝዊከር፤ የካናዳ ግምጃ ቤት ያልተሾሙ ጠባቂ፣ የባሕር ኃይሉ የማይደፈሩ ባላጋራ፣ በሙያቸው ፀጉር ቆራጭ።

አስቀምጠነዋል አልኩ እንጂ እሳቸውስ መች ተቀምጠው ያውቃሉ። ቁጭ ብድግ፣ ቁጭ ብድግ ነው። ጀልባዋ ከዳር ስትላቀቅ ከድልድዩ ወዲያ ለባሕር ኃይሉ አዳዲስ የጦር መርከቦች የሚሠሩበት የመርከብ መሥሪያው አዳራሽ ብቅ ይላል፤ ያን ጊዜ ጣታቸው ይነሳል። በሳቸው ሒሳብ አንዷ የጦር መርከብ ብትቀር የክፍለ ሀገራችን የኖቫ ስኮሻ ሰው ሁሉ የራሱ ሐኪም ያገኛል፣ ሌላዋ ብትቀር የተቦረቦረው መንገድ ሁሉ ይጠገናል፣ ሦስተኛዋ እንዳለች ለሳቸው ጉልበት ሕክምና ትውላለች። ሒሳቡ በየሳምንቱ ይለዋወጣል። ዋጋው ግን ወደ ታች ወርዶ አያውቅም፤ በዚህ በዚህስ መንግሥትም አይቃወማቸው።

ከሁሉ የሚያናድደው «ጀልባ» ማለታቸው ነው። አንድ ቀን መለዮውን የለበሰ ወጣት መርከበኛ አጠገባቸው ቆሞ ሰማና አላስችል አለው።

«እማማ፣ ጀልባማ ይቺ የተሳፈርንባት ናት። ያቺ መርከብ ናት» አላቸው በትሕትና።

«ልጄ፣ የሚንሳፈፍ ነገር ሁሉ ጀልባ ነው። መርከብ የሚያደርገው ዋጋው ነው» አሉት።

ልጁ መለዮውን አስተካክሎ ወደ ሌላው መስኮት ሄደ።

ጡረታ የወጣው የባሕር ኃይል ሰው ጎርደን ፖትዬ ግን እንዲህ በቀላሉ አይረታም። ቅዳሜ ቅዳሜ ቤተ ክርስቲያኑ በሚያዘጋጀው የባቄላ ራት ላይ ሆን ብሎ ፊት ለፊታቸው ይቀመጣል። አንዴ ማንኪያውን አስቀምጦ፣ መርከብ ከሌለን ሰሜኑን ማን ይጠብቃል፣ ሩሲያ መጥታ ያን ሁሉ በረዶ ብትወስደውስ ብሎ ጠየቃቸው። ወይዘሮ ቨርና ዳቦአቸውን አላመጡና፣ ትውሰደው፣ ከኔ ደጃፍ ትጀምር፣ አካፋውን እኔ አቀብላታለሁ አሉ። ጎርደን እንኳ ሳቀ።

ታዲያ ማንም በፊታቸው የማያነሳው አንድ ነገር አለ። ልጃቸው ኮሪን እዚያው መርከብ መሥሪያ ውስጥ በያጅ ናት። ወንዱ ልጃቸው ዌይድ ሥራ ፍለጋ ሩቅ ምዕራብ አልበርታ ከሄደ ዓመታት አልፈዋል፤ የቀረቻቸው ኮሪን ናት፣ እሷንም ያስቀሯት እኒያ «ጀልባዎች» ናቸው። ላም እሳት ወለደች፤ እንዳትልሰው ፈጃት፣ እንዳትተወው ልጅ ሆነባት ይባል የለ። ይሄው ነው። አንድ ጊዜ ደፍሬ ባነሳባቸው፣ «ልጄ ብረት ነው የምትበይደው፣ ፖለቲካ አይደለም» ብለው ዘጉኝ።

ባለፈው የካቲት ወሬ ተናፈሰ። ኦታዋ ወጪው በዝቶባታል፣ የመጨረሻዎቹን መርከቦች ልታስቀር ነው፣ ሰዎች ልካ ሕዝቡን ልታወያይ ነው ተባለ። ከተማው ሰላም አጣ። በየሱቁ ሰው ዕቃውን ረስቶ ስለዚሁ ያወራል። ኮሪን ለወንድሟ ደውላ አልበርታ ለበያጅ ሥራ ይኖር እንደሆነ ጠየቀችው፤ አለ አላት። እኔ በዚያው ሰሞን ፀጉሬን ልቆረጥ ወይዘሮ ቨርና ወጥ ቤት ሄድኩ። አንዴ መቀሱን ያስቀምጣሉ፣ አንዴ መስኮቱ ጋ ይሄዳሉ፣ ተመልሰው ቅድም የቆረጡትን ጎን ደግመው ይቆርጡታል። ቀኙ ከግራው ሲበልጥ ይታወቀኛል። በመጨረሻ ከኋላዬ ቆመው፣ በማላውቀው ድምፅ፣ «እውነት ያስቀሯቸዋል ብለህ ነው?» አሉኝ። እኒህ ሴትዮ እኔን ምንም ነገር ሲጠይቁኝ የመጀመሪያቸው ነበር። ደነገጥኩ፣ እውነቴን ነው።

የውይይቱ ዕለት አዳራሹ ጢም አለ። ኮሪን በሥራ ጫማዋ ከበሩ አጠገብ ቆማለች። ከኦታዋ የመጣው ሰውዬ ጥርት ያለ፣ የተማረ፣ ለሰው የሚያስብ ጎልማሳ ነው። ወሬያቸው ቀድሞ ደርሶታል መሰለኝ፣ ገና ሲጀምር ወደሳቸው ዞሮ፣ እንደ ወይዘሮ ዝዊከር ያሉ ዜጎችን ምሬት ሰምተናል፣ መርከቦቹን ብናስቀር ደስ እንደሚልዎት እናውቃለን አላቸው። አይ ምስኪን፤ የሰማውን አምኖ መጣ። የኛ አገር ሰው የሚያማው የራሱን መሆኑን ማን ይንገረው።

ወይዘሮ ቨርና ተነሱ። «አባትህ ማነው?» አሉት።

እኛ ዘንድ ሰው ከስሙ በፊት አባቱን ነው የሚጠየቀው። የማን ልጅ እንደሆነ ካልታወቀ ቃሉ አይቆጠርለትም። ሰውዬው ግራ ገባው። አባቱ ቶሮንቶ የጥርስ ሐኪም እንደሆኑ ተናገረ።

«እዚህ አገር የአንድ ሰው ጥርስ ነቅለዋል?»

«አይ፣ እዚህ እንኳ…»

«እንግዲያው ስማኝ ልጄ። ውድ ናቸው ብያለሁ። ውድ ናቸው፣ ነገም እላለሁ። አትሥሯቸው ያልኩህ መቼ ነው? አንዱን ልጄን አልበርታ ወስዳብኛለች፤ ለገና መጥቶ ሻንጣውን ሳይፈታ ይመለሳል። አሁን እነዚህን መርከቦች ትነካና…»

«መርከብ» የሚለው ቃል ከአፋቸው ወጣ። ጎርደን ፖትዬ ቀስ ብሎ ተነሳና ቆቡን አወለቀ።

«ጀልባዎች» አሉ ወይዘሮ ቨርና ቶሎ ብለው። ማን ይሰማቸዋል፤ ኮሪን በመዳፏ ፊቷን ሸፍናለች፣ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል፣ ሳቅ ይሁን ለቅሶ አልለየሁም።

የኋላ ኋላ መርከቦቹ አይቀሩም ተባለ። የሳቸው ንግግር ያመጣው ይሁን አይሁን እኔ አላውቅም፤ እሳቸው ግን ያውቃሉ። በማግሥቱ ጠዋት በስተቀኝ መስኮቱ ጥግ ቆመው፣ ጣታቸውን ቀስረው፣ ይሄ ዘረፋ ነው እያሉ አገኘኋቸው። እኔም በዚያ ወሬ ስንት ሌሊት ያጣሁትን እንቅልፍ እዚያው ወንበሩ ላይ ተኛሁት።

ቅዳሜ ያችን የተንጋደደች ፀጉሬን ላስተካክል ሄድኩ። ሌላ ፀጉር ቆራጭ ጠፍቶ አይደለም፤ ሌላ ጋ ብሄድ መንግሥትን ማን ይሰድብልኛል? ገና አንገቴን እንደደፋሁ ኮሪን ከሥራ ገባች፣ የተቃጠለ ብረት ብረት እየሸተተች። ወይዘሮ ቨርና መቀሱን አስቀመጡና ዓሣ ወደሚጠበስበት ምድጃ ሄዱ። ዞረው እንኳ አላዩዋትም።

«ዛሬስ ምን ያህል አባከናችሁ?» አሏት።

«ብዙ፣ እማ።»

«ጎሽ» አሉና ሳህኗ ላይ አንድ ዓሣ ጨመሩላት።