ሰማንያ ስምንት ሺህ ኪሎ ሜትር

አንተ አንባቢ፣ የምትነዳት መኪና ስንት ኪሎ ሜትር እንደሄደች ልጆችህን ፊትህ አቁመህ መማል ትችላለህ? ዳሽቦርዱን አይደለም የጠየቅሁት፤ አንተን ነው። እኔን ትናንት ብትጠይቀኝ እምል ነበር። ከሦስት ሳምንት በፊት የገዛኋት ያገለገለች መኪና ቆጣሪዋ ሰማንያ ስምንት ሺህ ይላል። ደላላው ሽመክት "የዶክተር መኪና ናት፤ ከቤት ሆስፒታል፣ ከሆስፒታል ቤት" ብሎኛል። በደላላ ቃል የሚገዛ ሞኝ ነው ብዬ፣ አሮጌዋን መኪናዬን አሥራ አንድ ዓመት ሲጠግንልኝ የኖረውን መካኒክ፣ ጋሽ ዘርጋውን፣ ይዤ ሄጄ አሳየኋት። ኮፈኑን ከፍቶ፣ ጆሮውን ደግኖ አዳመጠና "ግዛት፤ ሞተሯ ያልተነካ ነው" አለኝ። ገዛኋት።

ዘይቷንም፣ ካንዴላዋንም፣ የፍሬን ሸራዋንም እሱው ቀየረልኝ፤ ዘይቱ የተቀየረበትን ኪሎ ሜትርም ካርድ ላይ ጽፎ ከመሪው ሥር አንጠለጠለልኝ። ያልቀየረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሞተሩን የሚያስተባብረውን የጎማ ቀበቶ፣ መካኒኮች ቺንጊያ የሚሉትን። የሚቀየረው በመቶ ሺህ ኪሎ ሜትር ነው። "አሥራ ሁለት ሺህ ይቀራታል፤ ምን አስቸኮለህ?" አለኝ። ያ ቀበቶ መንገድ ላይ ከተበጠሰ ሞተሩ ባለበት ይሞታል፣ መሪው ይደነድናል፣ ፍሬኑ ይከብዳል። እኔ ደግሞ ዛሬ ጠዋት፣ የዓይን ሞራዋ በቀዶ ሕክምና የወጣላትን እናቴን ይዤ የዓባይን በረሃ ወርጄ፣ ወጥቼ፣ ደጀን ላደርሳት ነበር።

ትናንት ሌሊት በሕልሜ የሚሸጠው እኔ ነበርሁ። ሰፊ ሜዳ ላይ ሰዎች ተደርድረን ቆመናል። ፊታችን ታጥቧል፣ ጫማችን ጥቁር ቀለም ተቀብቷል፣ አንገታችን ላይ "የሚሸጥ" የሚል ካርቶን ተንጠልጥሏል። መኪኖች በመሐላችን እየተንጎራደዱ ቅልጥማችንን በጎማቸው መታ መታ ያደርጋሉ። ግንባሬ ላይ ቁጥር ይበራል፦ 24። እኔ ሃምሳ አንድ ዓመቴ ነው።

ሰማያዊዋ መኪናዬ መጣች። ሽመክት ሮጦ ተቀበላት።

"እሜቴ፣ ይሄ የዶክተር ሰው ነው። ከቤት ቤተ ክርስቲያን፣ ከቤተ ክርስቲያን ቤት። ደረጃ እንኳ ወጥቶ አያውቅም።"

"ታዲያ ጉልበቱ ለምን ይጮኻል?"

"ቆሞ ስለሰነበተ ነው። ሁለት ቀን ስትነጂው ይለቀዋል።"

"ሽበቱስ?"

"ኦርጂናል ቀለሙ ነው እሜቴ! ከፋብሪካ ሲወጣም ነጭ ነበር።"

መኪናዋ ወደ እኔ ዞረች። "አንተ፣ ዕድሜህ ስንት ነው?"

ሃምሳ አንድ ልል ነበር። አጠገቤ የቆመው መላጣ ሰውዬ ግን "አሥራ ዘጠኝ" ሲል ሰማሁት። "ሃያ አራት" አልኋት፣ ደረቴን ነፍቼ። ገዛችኝ።

ልታስመረምረኝ ወሰደችኝ። መርማሪዎቹ በፀሐይ ተሰልፈው ቆመዋል፤ ባለጉዳዮቹ መኪኖች ወንበር ላይ ተቀምጠው ሻይ ይጠጣሉ። አንዷ መርማሪ ተራዋ ደርሶ ቀረበችና ወረቀቴን ተቀበለች።

"ሰውየውን ሳላይ አልፈርምም" አለች።

ሻዩ ሁሉ ተደፋ።

"ምን አለች?"

"አያለሁ አለች!"

"ኧረ በሕግ! በጠራራ ፀሐይ!"

አንድ ሽማግሌ የጭነት መኪና ራሱን ስቶ ወደቀ። ፖሊስ መጥቶ፣ በሥራ ሰዓት ዓይኗን ገልጣ ተገኝታለች ብሎ ወሰዳት። በምትኳ ዓይኑን በሻሽ ያሰረ መርማሪ አመጡ። መቶ ወረቀት ባንድ ትንፋሽ ፈረመ። ግቢው በጭብጨባ ተናጋ። እኔም አጨበጨብሁ።

ገና እያጨበጨብሁ ጋራዥ ውስጥ ራሴን አገኘሁት። በጀርባዬ ተንጋልያለሁ። ጋሽ ዘርጋው ሸሚዜን እንደ ኮፈን ከፈተና ደረቴን በባትሪ አየ። ውስጤ የተንቀረፈፈች የጎማ ቀበቶ ትዞራለች፤ ጠርዟ ተተልትሏል።

"የልብ ቀበቶ በሃምሳ ዓመት ይቀየራል አሉኝ" አለች መኪናዋ። "መንገዳችን የዓባይ በረሃ ነው።"

"ገና ነው እሜቴ። ሃያ ስድስት ዓመት ይቀረዋል።"

"ጋሽ ዘርጋው!" ብዬ ጮኽሁ። "አርባ ዓመት የሞላኝ ዕለት ኬክ የቆረስሁት እዚሁ ጋራዥህ አይደለም ወይ? አንተም በልተሃል!"

"በልቻለሁ። ጣፋጭ ነበር።"

"ታዲያ ንገራት!"

"አንተ አይደለህ እንዴ ሃያ አራት ያልሃት? እኔ የደንበኛ ቃል አላፈርስም።"

በቀይ እስክሪብቶ ካርድ ላይ አንድ ነገር ጻፈ። ካርዱን ምላሴ ሥር ሸጎጠና አፌን ገጠመው።

መኪናዋ ጀርባዬ ላይ ወጣች። በረሃውን ቁልቁል ወረድሁ። እናቴ የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ በመስኮት አንገቷን አውጥታ የመንገድ ምልክቶችን ጮክ ብላ ታነባለች። ዝንጀሮዎች መንገድ ዳር ቆመው ለተላላፊው ሁሉ ሙዝ ይወረውራሉ። ደረቴ ሲጥ ሲጥ ማለት ጀመረ። ወደ ላይ ብመለከት ጋሽ ዘርጋው ገደሉ አፋፍ ላይ ቆሞ እጁን ያውለበልባል። "ሞተሩ ያልተነካ ነው!" ይላል። ቀበቶዋ ጧ አለች።

በክላክስ ጩኸት ነቃሁ። ነግቷል። እናቴ ዕቃዋን ሸክፋ፣ ቁልፉን ከጠረጴዛ አንስታ መኪናዋ ውስጥ ገብታለች፤ ከኋላ ወንበር እጇን ዘርግታ ክላክሱን ትጫነዋለች።

"አንተ ጥላዬ! ፀሐይ እኮ ወጣች!"

ፊቴን ሳልታጠብ ወጣሁ። ዓይኗ ከተከፈተ ወዲህ ያየችውን ጽሑፍ ሁሉ ሳታነብ አታልፍም፤ የመድኃኒት ብልቃጥ፣ የሱቅ ማስታወቂያ፣ የሳሙና ልባስ። አሁንም ከወንበሩ ሥር ያገኘችውን አቧራ የጠጣ ካርድ ወደ ብርሃኑ አዙራ ይዛለች።

"ና ስማኝማ። 'ዘርጋው ጋራዥ።' ያ ደጉ ሰውዬ አይደል? 'ዘይት የተቀየረበት፣ ሦስት መቶ አርባ ሰባት ሺህ ኪሎ ሜትር።' አየህልኝ ዓይኔን?"

ካርዱን ተቀበልኋት። ቀኑ የዛሬ ሁለት ዓመት ነው። የሰሌዳ ቁጥሩ የመኪናዬ ነው። ጽሑፉ ቀይ ነው። ከመሪው ሥር ደግሞ ከሦስት ሳምንት በፊት የተንጠለጠለው ካርድ አለ፤ ሰማንያ ስምንት ሺህ ይላል፤ ያው እጅ፣ ያው ቀይ እስክሪብቶ፣ ያው ፊርማ።

"ውረጂ እማዬ። ዛሬ አንሄድም።"

ፊቷ ጠቆረ። "ምነው ልጄ? ቁጥሩን አሳስቼ አነበብሁት እንዴ?"

"አላሳሳትሽም።"

ሽመክትን ምንም አልጠይቀውም፤ ሲዋሽ አውቄ ነው የሰማሁት። የምጠይቀው አንተን ነው፣ ጋሽ ዘርጋው። ስልክ አትደውልልኝ። ሽማግሌም አትላክብኝ። ሰኞ ጠዋት ደንበኞችህ ባሉበት፣ ሁለቱን ካርዶች ጋራዥህ በር ላይ ጎን ለጎን ለጥፌ እጠብቅሃለሁ። እናቴ አጠገቤ ትሆናለች፤ እሷ ለሰው ሁሉ ታነብባለች። አንተ ደግሞ ሰው ሁሉ እየሰማህ መልስ፦ "ግዛት" ስትለኝ ይህችን መኪና ታውቃት ነበር ወይስ አታውቃትም?