ባሮኑ ተክል የሆኑበት ሰኞ

ከሁሉ በፊት ይቅርታ። እኔ መርፌ እንጂ ብዕር ይዤ የማላውቅ ሴት ነኝ። ትምህርቴን ከስድስተኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት፤ ከዚያ ወዲህ የጻፍኩት ቢኖር የልብስ ዝርዝር ነው። «ሁለት ቁምጣ፣ አንድ ጭንብል፣ ዚፑ የተበላሸ» የሚል። ይህችንም ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ቀድጃታለሁ። የተሳሳትኩት ቃል ካለ አንባቢ በልቡ አርሞ ይለፈኝ። የደፈርኩት ስለ ባሮኑ ሌላ ሰው እንደማይጽፍ ስለማውቅ ነው።

በየመሥሪያ ቤቱ አንድ እንዲህ ያለ ሰው አይጠፋም። ባንክ ብትሄዱ አለ፤ ሆስፒታል ብትሄዱ አለ፤ ጋራዥም አለ። አዲስ ሠራተኛ በመጣ ቁጥር ቁልፉ የት እንደሚሰቀል፣ ከማን ጋር እንደማይቀለድ፣ የትኛው ወንበር እግሩ እንደሚወላገድ የሚያሳየው እሱ ነው። አዲሱ ሠራተኛ ዓመት ሳይሞላው ይበልጠዋል፤ ሁለት ዓመት ሳይሞላው አለቃው ይሆናል። እሱ ያው እዚያው ነው፤ ሌላ አዲስ መጥቶለት ቁልፉ የት እንደሚሰቀል እያሳየ ነው። የእኛ መሥሪያ ቤት ነፃ ትግል ስለሆነ አንድ ነገር ብቻ ይለያል። የእኛው ሰው አዲሱን አስተምሮ ሲያበቃ፣ በዚያው ቀን በቴሌቪዥን ፊት ይደበደብለታል።

ክቡርነታቸው ሌስተር ቡድሮ ይባላሉ፤ የሉዊዚያና ሰው ናቸው። ሕዝቡ የሚያውቃቸው «ባሮን ቡድሮ» ብሎ ነው። ባሮንነቱን የሰጣቸው የዛሬ ሃያ ዓመት የነበረ ፖስተር አሳታሚ ነው፤ እሳቸው ግን ከአያት የወረሱት ርስት አድርገውታል። ሆቴል ሲመዘገቡ እንኳ «ባሮን» ብለው ይፈርማሉ። ቁርሳቸው ስድስት ቅቅል እንቁላል ነው፤ እንቁላሎቹን በባርኔጣቸው ይዘው ይዞራሉ። ሁለት ወንበር ይይዛሉ፤ አንዱ የእሳቸው ነው፣ ሌላው የጉልበታቸው። ወሬያቸው ረጅም ነው፤ ደግሞም ያው ነው። አሥራ አንድ ዓመት የሰማሁት የሙቀቱ ቀን ታሪክ አለ፤ በየዓመቱ ሙቀቱ አንድ ዲግሪ ይጨምራል።

ትልቁ ትምህርታቸው መውደቅ ነው። «ማሸነፍ ማንም ያሸንፋል፣ ልጄ። መውደቅ ነው ሙያው» ይላሉ፤ ካሉ ደግሞ ያሳያሉ። ኮሪደር ላይ ወድቀው ያሳያሉ፤ ምግብ በሚታደልበት ወድቀው ያሳያሉ። ቱልሳ አውሮፕላን ማረፊያ ውስጥ አንዴ በጀርባቸው ወድቀው ሲያሳዩ፣ ሁለት ጥበቃና አንድ ሐኪም እየሮጡ መጡ። ባሮኑ ከወለሉ ሳይነሱ ሐኪሙን «አንገቴን አየኸው? አገጩ ደረት ላይ» አሉት።

ለማያውቅ ሰው ትንሽ ላስረዳ። ድርጅታችን ወጣቶቹን የሚያሠለጥንበት አዳራሽ ፍሎሪዳ ነው፤ እኛ «ታች ቤት» እንለዋለን። ከከተማ ከተማ እየዞርን በየሰኞው በቴሌቪዥን የምንታየው እኛ ደግሞ «ላይ ቤት» ነን። ማን እንደሚያሸንፍ ከቀትር በኋላ በወረቀት ተጽፎ ይመጣል። ሕዝቡም ይህን ያውቃል፤ እንዳላወቀ ሆኖ ይጮኻል። በዚህ የተታለለ ሰው አላየሁም።

ከታች ቤት የወጣ ልጅ ላይ ቤት ሲደርስ የሚደረገውን ግን ማየት ደክሞኛል። መጀመሪያ ስሙ ይቆረጣል፤ መቀሱ ያለው እኔ ጋ ስለሆነ አውቃለሁ። ከነብራስካ በሬ የሚያህል ልጅ መጣ፤ ታች ቤት ሰው የሚሸሸው ነበር። ላይ ቤት ሲደርስ ፖስተኛ ይሁን ተባለ። ቦርሳውን የሰፋሁለት እኔ ነኝ። አራት ሳምንት ደብዳቤ አደለና ተመለሰ። ዓመት ከመንፈቅ ሙሉ ያልተሸነፈች ልጅ መጣች፤ አውሮፕላኗ ስለዘገየ የማሸነፊያዋ ቦታ ለሌላ ተሰጠና በዘጠና ሰከንድ ተሸንፋ ወጣች። አንዴም ስድስት ልጆች በአንድ ቀን አመጡ፤ በሳምንቱ የሁለቱን ስም የሚያስታውስ ጠፋ። ማንም ክፉ ሆኖ አይደለም። ሰኞ ይመጣል፣ ወረቀቱ መሞላት አለበት፣ ማክሰኞ ይረሳል።

ስለዚህ ባሮኑ ለአዲስ ልጅ ሁሉ መጀመሪያ የሚሉት አንድ ነው፤ «ሻንጣህን አትፍታ»።

እኔ በነበርኩባቸው ዓመታት ስልሳ አንድ አዲስ መጤ ጥሏቸዋል። ሦስቱ ሻምፒዮን ሆኑ። ብዙዎቹ ተመለሱ። ቁጥር ሠላሳ ሁለት ግሬዲ ነበር፤ ጉልበቱ ተበላሸና ትግሉን ትቶ አሁን ጆሮው ላይ ማዳመጫ አድርጎ ሰዓት የሚቆጣጠር አለቃችን ነው። ግሬዲ ድሮ ባሮኑን «እርስዎ» ነበር የሚለው። ማዳመጫውን ካደረገበት ቀን ጀምሮ «አንተ» አለ። ባሮኑ ሁለተኛ ወንበራቸውን ለጉልበቱ ሰጡት።

ከዚህ ሁሉ መውደቅ መካከል ክቡርነታቸው ለራሳቸው ያስቀሩት አንድ ነገር ነበር። ወደ ሪንጉ፣ ወደ መፋለሚያው መድረክ፣ የሚሄዱበት መንገድ። አንድ ደቂቃ ከአርባ ሰከንድ ነው። አኮርዲዮኑ ይጀምራል፤ እኔ የሰፋሁትን ሐምራዊ ሳቲን ካባ ለብሰው እንደ ጳጳስ ቀስ እያሉ ይወጣሉ። ሕዝቡ በደስታ ይሰድባቸዋል። በየከተማው ይህችን ብቻ የሚጠብቁ ሽማግሌዎች አሉ። አንዴ መንገድ መሀል ቆመው የጫማ ክራቸውን አስረው ነበር፤ አዳራሹ ሙሉ «ፍጠን» እያለ ሲጮህ ሁለተኛውን ጫማ ፈትተው እንደገና አሰሩት።

ይህ መንገድ የሌለው ተፋላሚ እኛ ዘንድ «ተክል» ይባላል። ቴሌቪዥኑ ከማስታወቂያ ሲመለስ ሪንጉ ውስጥ ተተክሎ የሚገኝ ሰው ነው። ሙዚቃ የለውም፤ ከየት እንደመጣም ማንም አላየም። ተክል የሆነ ሰው እንደሚሸነፍ ሕፃን ልጅ እንኳ ያውቃል። ባሮኑ ለሦስት አለቆች በተራ የነገሯቸው ቃል አለ፤ «ጣሉኝ፣ ርገጡኝ፣ በወንበር ምቱኝ። ተክል ግን አልሆንም»።

ያን ሰኞ ዊቺታ ነበርን። ከታች ቤት የመጣው ልጅ ኤሊሴዮ ኪንታና ይባላል፤ የላሬዶ ልጅ ነው። አዲስ የመጣ ሁሉንም ሰው እየዞረ መጨበጥ ግዴታው ነውና ባሮኑ ጋ ደረሰ። ጨበጣቸው፤ እንደ ጂም ልጅ አጥብቆ።

«ልጄ፣ ላም እያለብክ ነው?» አሉት።

ልጁ ቀላ። እኛ ዘንድ አጨባበጥ ለስላሳ ነው። ገላህን አደራ ተቀብያለሁ ማለት ስለሆነ፣ አጥብቆ የሚጨብጥ ሰው ሪንግ ውስጥም ይጎዳል ተብሎ ይፈራል። ባሮኑ ከባርኔጣቸው አንድ እንቁላል አውጥተው መዳፉ ላይ አስቀመጡለት። «ይህን ይዘህ ዋል። ከተሰበረ ሻንጣህን ሳትፈታ ተመለስ።» ልጁ ቀኑን ሙሉ በግራ እጁ እንቁላል ይዞ በቀኙ ሰው ሲጨብጥ ዋለ። «ዶን ሌስተር» ነበር የሚላቸው። ባሮኑ ከባሮንነት ዶንነት ይበልጥ ወይስ ያንስ እንደሆነ እኔን በጆሮዬ ጠየቁኝ። አላውቅም አልኳቸው።

ከቀትር በኋላ ወረቀቱ መጣ። «ኤሊሴዮ» ይውጣ፣ «ኪንታና» ብቻ ይቅር ይላል። ቁምጣውን አምጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ፤ በወርቃማ ክር የተሰፋውን ስም ስተረትር ጨርቁን ወጥሮ ያዘልኝ። እናቱ ናት የሰፋችው።

«ሚስ ኦፓል፣ ክሩን ይሰጡኛል?» አለኝ።

ጠቅልዬ ሰጠሁት። 

ልጁ ታች ቤት አራት ዓመት የሠራበት አንድ ዝላይ አለው። የሪንጉ ገመድ ጫፍ ላይ ወጥቶ አየር ላይ ሁለት ጊዜ ተገልብጦ ይወርዳል። ባሮኑ ከቀትር ጀምረው ከሥር እየተኙለት አሥር ጊዜ አሠሩት። ስድስት ደቂቃ ተሰጥቷቸዋልና በአምስተኛው ደቂቃ ላይ ይሆናል ተባለ።

ከዚያ ግሬዲ መጣ። ከእነሱ በፊት ያለው ንግግር ከተመደበለት ሰዓት አልፎ ሄዷልና ስድስቱ ደቂቃ አራት ሆኗል አለ፤ መግቢያውም መውጫውም ተደምሮ። የባሮኑ መንገድ አንድ ከአርባ፣ የልጁ መግቢያ አንድ። ለትግሉ የቀረው ደወል ተደውሎ አንድ ርግጫ ነው። ዝላዩ አይገባም። ግሬዲ ይህን ካለ በኋላ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚብሰውን ነገረን። የላይኞቹ አለቆች ልጁን ዛሬ ሊያዩት ነው፤ ካላስደሰታቸው ወደ ፍሎሪዳ የሚመለስበት የማክሰኞ ትኬት ተቆርጧል።

«እንግዲህ ልጁ ተክል ይሁን» አለ ግሬዲ። «የአንተን መንገድ ሕዝቡ ያውቀዋል፣ ሌስተር። አንተ ውጣ። እሱ እዚያ ቆሞ ይጠብቅህ።»

ክርክር የለም፤ መንገዳቸው ተጠብቆላቸዋል። ባሮኑ እንቁላል እየላጡ ነበር። ቅርፊቱን አንድ በአንድ ለቀሙ። ኪንታና እንቁላሉን እንደያዘ ወለሉን ያያል። እኔ ካባውን ክንዴ ላይ ይዤ ቆሜያለሁ።

«ሚስ ኦፓል» አሉ፣ «ካባውን ስቀዪው። ጉልበቴ ዛሬ መንገዱን አልወደደውም።»

ግሬዲ አያቸው። «የትኛው ጉልበትህ?»

«ሁለቱም። ተራ በተራ።»

ግሬዲ ማዳመጫውን ከአንድ ጆሮው ላይ አነሳ። «አንዴ ተክል ከሆኑ እኮ እንደዚያው ሊያስቀሩዎት ይችላሉ፣ ባሮን» አለ። «እርስዎ» ሲላቸው ከስንት ዓመት በኋላ መስማቴ ነው። ባሮኑ እንቁላላቸውን ጎረሱ። 

ከመጋረጃው ጀርባ ቆሜ አየሁ። ማስታወቂያው አለቀና ክቡርነታቸው በጥቁር ቁምጣ ብቻ ማዕዘኑ ላይ ቆመው ተገኙ፤ አውቶብስ የሚጠብቅ ሰው ይመስላሉ። ሕዝቡ መሳደብ እንዳለበት እንኳ አላወቀም። አንድ ሽማግሌ ከፊት ረድፍ «ካባህ የት አለ?» ብሎ ጠየቀ፤ በስድብ አይደለም፣ ተጨንቆ ነው። ባሮኑ ወደሱ ዞር ብለው ትከሻቸውን ነቀነቁ።

ኪንታና በሙዚቃ ገባ። ከደወሉ በፊት ተጨባበጡ፤ ያ አጨባበጥ እንቁላል አይሰብርም ነበር። ከዚያ የሆነውን መጻፍ አልችልበትም። ባሮኑ የወደቁት እኔ አሥራ አንድ ዓመት አይቼው በማላውቀው አወዳደቅ ነው። ልጁ በእጁ ሲነካቸው መኪና የገጫቸው ይመስሉ ነበር። ከዚያ ገመዱ ላይ ወጣ፤ ሁለት ጊዜ ተገለበጠ፤ አዳራሹ ከወንበሩ ተነሳ። ግሬዲ የሰዓት መቆጣጠሪያውን አየ። ከተሰጣቸው ሰዓት ሃያ ሰከንድ አልፏል። «ጨርሱ» ሳይል አፉ ላይ ያለውን ማይክ በእጁ ሸፈነ።

የማክሰኞው ትኬት ተሰረዘ። ባሮኑ ግን እንኳን ደስ ያለህ አላሉትም፤ ስለ ግራ እግሩ አቀማመጥ ግማሽ ሰዓት ወቀሱት። ልጁ ሁሉንም ሰምቶ ሲጨርስ «ዶን ሌስተር፣ ጉልበትዎ እንዴት ነው?» አላቸው።

«የትኛው?» አሉ። ከዚያም «ደግሞ ሻንጣህን እንዳትፈታ» አሉት።

እውነቱን ልናገርና ይብቃኝ። እኚህን ሰው አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሰልችቻቸዋለሁ። የእንቁላል ቅርፊት ከስፌት መኪናዬ ውስጥ ለቅሜያለሁ። የሙቀቱን ቀን ታሪክ እየሰማሁ ጣቴን ወግቻለሁ። ያን ዕለት ግን ዕቃ ስሸክፍ የባሮኑን ሁለተኛ ወንበር ባዶውን ሳየው፣ ከሌሎቹ ጋር ሳላጥፈው ለብቻው መኪናው ላይ ጫንኩት።

በማግስቱ ጠዋት ቶፒካ ደረስን። የሚቀጥለው ሰኞ ረቂቅ ወረቀት ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። ሌላ ልጅ ከታች ቤት ይመጣል፤ ከባሮኑ ስም አጠገብ ደግሞ «ቀድሞ ሪንግ ውስጥ» ይላል፤ ተክል ማለት ነው። አንድ ደቂቃ ከአርባ እንደሚተርፍ የላይኞቹ አለቆች አይተውታል። ባሮኑ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ፤ አውልቀውም አጣጠፉት። «ፊደሉ ጥሩ ነው» አሉና እንቁላል ፍለጋ ሄዱ።

በእኛ ደንብ የሚተኮሰው ወረቀቱ ላይ የተጻፈ ልብስ ብቻ ነው። ካባው አልተጻፈም። ትናንትም ስላልተለበሰ አልተጨማደደም። ካውያውን ሰካሁና ከአንገቱ ጀምሬ ተኮስኩት፤ ከመስቀያው ላይም ከሁሉ ፊት አድርጌ ሰቀልኩት።