«ረ» የተባለው ሕመም

ትምህርት ቤታችን ካስመዘገባቸው ታላላቅ ድሎች ሁሉ የላቀው፣ መምህራንና ተማሪዎች «ረ» ከተባለው አደገኛ ድምፅ ነፃ የወጡበት ነው። እኔ መዝገብ ቤት ስለምሠራ ጉዳዩን ከነደብዳቤ ቁጥሩ አውቀዋለሁ፤ ከፋይል ጋር ብቻዬን ስለምውልም ለማሰላሰል ጊዜ አላጣም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ክቡር ዳይሬክተራችን «ረ»ን «ለ» ይላሉ። ከልጅነታቸው የተከተላቸው ነገር ነው፤ ነውርም አልነበረም፣ ማንንም አልጎዳም። ምክትላቸው ግን አለቃ በ«ለ» እየተናገረ በ«ረ» መመለስ ድፍረት መስሎ ስለታያቸው፣ አንድ ቀን ስብሰባውን «የተከበላችሁ መምህላን» ብለው ከፈቱ። በሳምንቱ የክፍል ኃላፊዎች ተከተሉ። ወር ሳይሞላ እድገት የሚጠብቅ ሰው ሁሉ «ረ»ን ቤቱ ትቶ መምጣት ጀመረ።

በዚህ ሰላም መሐል ነው የንግግር ሕክምና ባለሙያዋ የተመደበችልን። አጥርተው መናገር ያቃታቸውን ልጆች ትረዳለች ተባለ። የተሰበሩ ወንበሮችና የተነፈሱ ኳሶች ከሚቀመጡበት ክፍል ግማሹ ተሰጣት። የእጅ መስታወት፣ የሥዕል ካርዶችና አንድ እፍኝ ስትሮ ይዛ ገባች። በማግስቱ የሥራ ዕቅዷን ለዳይሬክተሩ አቀረበች። እሳቸውም ገጽ በገጽ አንብበው፣ ፊታቸው ፈክቶ፣ «ጥሉ፣ በጣም ጥሉ» አሉ። አጠገባቸው ወለል ትወለውል የነበረችው የጽዳት ሠራተኛ ትእዛዝ አክባሪ ናትና ዕቅዱን ወስዳ ጣለችው።

ባለሙያዋ ከቅርጫት አውጥታ፣ አራግፋ ሥራ ጀመረች።

የመጀመሪያዋ ታካሚ የልብስ ሰፊው ልጅ ነበረች፤ ሁለተኛ ክፍል። ልጆቹ «ጠሉኝ» ይሏታል። ስሙ የወጣላት አንድ ቀን እያለከለከች ቤቷ ገብታ «አባዬ፣ ቲቸል ጠሉኝ» ስላለች ነው። ጠሩኝ ማለቷ ነበር። አባትየው ሜትሩን ከአንገቱ ሳያወርድ መጥቶ ልጄን ለምን ጠሏት ብሎ ግቢውን አተራመሰው። ነገሩ በሳቅ አለቀ፤ ልጆች እድገት ስለማይጠብቁ ይስቃሉ። እሷ ግን ከዚያን ቀን ወዲህ ክፍል ውስጥ አፏን አልከፈተችም። በመመሪያው መሠረት ደግሞ በዓመቱ መጨረሻ ዳይሬክተሩ ፊት ቆሞ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያላነበበ ልጅ ሦስተኛ ክፍል አይገባም።

ባለሙያዋ መስታወት ፊት አስቀምጣ «ድ፣ ድ፣ ድ» ታሰኛታለች። ምላስሽን ከላይኛው ጥርስሽ ጀርባ አላልተሽ ንፊበት ትላታለች። ሁለት ወር አለፈ። አባትየው ሊወስዳት በመጣ ቁጥር በሩ ላይ ቆሞ «ዛሬስ፣ ቲቸር?» ይላል።

«ትመጣለች።»

«ማን?»

«ረ።»

«እንግዳ እየጠበቅን ነው በይኛ።»

አንድ ቅዳሜ ልጅቷ ከአባቷ የስፌት መኪና ሥር ቁጭ ብላ፣ መኪናው ጥርርርር ሲል አብራው ጥርርርር አለች። አባትየው እግሩን ከመርገጫው አነሳ፤ ድምፁ ግን አልቆመም። ሰኞ ጠዋት «ቲቸር» ብላ ገባች። ባለሙያዋ መስታወቱን የምትወለውል መስላ ዕንባዋን ጠረገች።

የፈተናው ቀን ደረሰ። ዳይሬክተሩ በሊቀ መንበርነት፣ ምክትሉ በአባልነት፣ እኔ በቃለ ጉባኤ ያዥነት ተሰየምን። መምህራኑ ለመታዘብ ግድግዳውን ተደግፈው ተደርድረዋል፤ አባትየው ከባለሙያዋ ጎን በሩ አጠገብ ቆሟል። ልጅቷ መጽሐፉን ከፍ አድርጋ፣ በዚያ ክፍል ለዓመታት ባልተሰማ ጥራት አነበበች፤ «በሩ ተከፈተ። መምህሩ ተማሪዎቹን ጠሩ።»

አንዱ አስተማሪ መስኮት ዘጋ።

ዳይሬክተሩ መነጽራቸውን አወለቁ። «ይቺ ልጅ ምላሷ ይንቀጠቀጣል። ችግሏ ምንድነው?»

«ተላላፊ እንዳይሆን እፈላለሁ» አሉ ምክትሉ።

ባለሙያዋ ልጅቷ በትክክል እንዳነበበች አስረዳች። «ረ ነው ያለችው» አለች።

«እኔስ ምን አልኩ? ለ!»

«ለ ሳይሆን ረ።»

«አዎ፣ ለ። ከተስማማን ለምን ትከላከሊኛለሽ፣ ወይዘሊት?»

የዳይሬክተሩ ቀይ እስክሪብቶ «ወድቃለች» ሊል ከፍ አለ። ሆኖም ዳይሬክተራችን ርኅሩኅ ናቸውና አንዴ ትድገመው አሉ። ልጅቷ እስክሪብቶውን አየች፤ አባቷን አየች፤ ሰውዬው ሜትሩን ጣቱ ላይ እየጠቀለለ ነበር። ባለሙያዋን አየች፤ እሷ መሬት መሬቱን ታያለች። ከዚያ ልጅቷ ጉሮሮዋን ጠርጋ፣ በምክትል ዳይሬክተር ትሕትና፣ «በሉ ተከፈተ። መምህሉ ተማሊዎቹን ጠሉ» አለች።

ጭብጨባው ቤቱን አናጋው። መቶ ከመቶ ተሰጣት። የሁለት ወር ሕመም በአንድ ትንፋሽ ተፈወሰ ተብሎ ቃለ ጉባኤ ላይ ሰፈረ፤ ለባለሙያዋም እዚያው በእጄ ሰርተፊኬት ጻፍኩላት። ዳይሬክተሩ ሲያስረክቧት «ጥሉ ሥላ ነው» አሉ። የጽዳት ሠራተኛዋ ጠጋ ስትል፣ ባለሙያዋ ራሷ «እንኪ፣ ውሰጂው» ብላ ወረቀቱን አቀበለቻት።

በመስኮት አየኋቸው። ልጅቷ ገና ከግቢው ሳትወጣ «አባዬ፣ ሦስተኛ ክፍል ገባሁ፣ ርርርር» ትላለች፤ አባትየው ዞር ዞር እያለ ቀስ በይ፣ ይሰሙሻል ይላታል። አጥሩን ሲያልፉ ግን እሱም እንደ ስፌት መኪና ጥርርርር እያለ ተከትሏት ሮጠ።

በማግስቱ ምላሱ የሚንቀጠቀጥ ተማሪ ሁሉ በአስቸኳይ እንዲታከም ሰርኩላር ወጣ። ለባለሙያዋ የክፍሉ ሌላው ግማሽ ተጨመረላት፤ ወንበሮቹና ኳሶቹ ተባረሩ። ከበሯ ፊት ያለው ሰልፍ እስከ ሜዳው ይደርሳል። በሯን ዘግታ ምን እንደምታደርጋቸው አላውቅም፤ ከውስጥ ቀኑን ሙሉ የሃያ ስፌት መኪና ድምፅ ይሰማል፤ ልጆቹ ሲወጡ ደግሞ ሁሉም በ«ለ» ይሰናበታሉ።

እኔ እሷ ዘንድ መሄድ አላስፈለገኝም። የደረጃ እድገቴ ደብዳቤ ለፊርማ ዳይሬክተሩ ጠረጴዛ ላይ በተቀመጠበት ቀን፣ ያለምንም መድኃኒት በራሴ ጊዜ ድኛለሁ፤ እግዜል ይመስገን።