ከተቀበረ በኋላ ቁርስ የበላው ሰውዬ

ስለ መጽሐፍ አሳምሮ ለመናገር ትልቁ እንቅፋት መጽሐፉን ማንበብ ነው። ያነበበ ሰው ይንተባተባል። «እንዲህ ይመስለኛል… ግን እዚያ ጋ ደግሞ…» እያለ ይቆይና ሳይጨርስ ይቀመጣል። ያላነበበው ግን ምን ይዞት? እጁን ያወጣል፣ ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ «እኔ እንኳን ጥያቄ ሳይሆን አስተያየት ነው ያለኝ» ይልና ከአዳም ተነሥቶ እስከ ትናንትናው የመብራት መጥፋት ድረስ ይዘልቃል። ልብ ብላችሁ ከሆነ፣ ጭብጨባውም የሚደርሰው ለእሱ ነው።

ይህን በሐሜት አይደለም የምላችሁ። በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ቦሌ መድኃኔዓለም ጀርባ፣ አንድ ካፌ ሦስተኛ ፎቅ ላይ የሚሰበሰብ የመጽሐፍ ውይይት ቡድን አለን። እኔ ስምንት ወር ሙሉ ጥግ ላይ ተቀምጬ ቃል አልተነፈስኩም። ሥራዬ መገናኛ አካባቢ ስልክ መጠገን ነው። ስልክ ፈትቼ ስገጥም አንዲት ብሎን ከተረፈችኝ፣ ስልኩ ቢሠራም ለባለቤቱ አልሰጠውም፤ እንደገና እፈታዋለሁ። መጽሐፍም የማነበው እንደዚያው ነው። የት ተማርክ ካላችሁኝ፣ ከአራብሳ መገናኛ በሚያመላልሰኝ አውቶቡስ ውስጥ። መንገዱ ረጅም ነው፤ የተዘጋጋ ቀን ደግሞ ሁለት ምዕራፍ ያስኬዳል።

የቡድናችን ሰብሳቢ ናሆም ይባላል። አማርኛ የሚናገረው እንግሊዝኛው ሲያልቅበት ነው። በዚያ ሰሞን ደውሎ አንድ ነገር ነገረኝ። አቶ ፍስሐ የሚባሉ የማሳተሚያ ቤት ባለቤት ለጽሑፍ አራሚነት ሰው ይፈልጋሉ። የሚቀጥለው መወያያ መጽሐፍ እሳቸው ያሳተሙት ስለሆነ ከደራሲው ጋር ይመጣሉ።

«ሲሪየስ አንባቢ ነው ብያቸዋለሁ» አለኝ ናሆም፤ «ቅዳሜ ተናገርና ይዩህ።»

ስህተት ፈልጎ ለማግኘት ደመወዝ የሚከፈልበት ሥራ መኖሩን ስሰማ በእጄ የያዝኩት መፍቻ ወደቀ። እኔ ይህን ሥራ በነፃ ስሠራ ነው የኖርኩት! የምግብ ቤት ሜኑ አርሜያለሁ፣ የታክሲ ውስጥ ጥቅስ አርሜያለሁ፣ የሠርግ ጥሪ ወረቀት አርሜ ከዘመድ ተጣልቻለሁ። ግን ዲግሪ የለኝም፣ ዲፕሎማም የለኝም። ለአቶ ፍስሐ የማቀርበው ማስረጃ አፌን ብቻ ነው፤ እሱም ስምንት ወር ተዘግቶ የከረመ።

መጽሐፉን ገዝቼ ቁጭ አልኩ። አስማማው ስለሚባል የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነው የሚያወራው። መልካም ሰው፣ ትንሽ ሆዳም፣ ከሚስቱ ጋር በመጋረጃ ቀለም የሚነታረክ። ገጽ 96 መጨረሻ ላይ «ሚስቱን ጠራትና ቁርስ» ይላል። ገለጥኩ። «በቃሬዛ ይዘውት ገቡ» ይላል። ቁርስ በቃሬዛ? ቀጠልኩ። ሆስፒታል ነው፤ አስማማው ይሞታል፤ ይቀበራል፤ ድንኳን ይተከላል፤ ለቀስተኛው ይበተናል። እሺ። ቀጣዩን ገጽ ስገልጥ አስማማው ፍርፍር እየበላ ነው። ሚስቱ ምንም አልደነቃትም። መጋረጃው ላይ ተጨቃጨቁ፣ ተኮራረፉ፣ ከዚያ ከቤት ወጣና መኪና ገጨው። ከዚያ የአርባው ተዝካር።

ሁለት ቀን ሙሉ ራሴን ጅል ነህ ስል ሰነበትኩ። ሦስተኛው ቀን አውቶቡስ ውስጥ ዓይኔ የገጹ ግርጌ ላይ አረፈ። ከ96 ቀጥሎ ያለው 113 ነው። እስከ 128 ይሄድና ወደ 97 ይመለሳል። ማተሚያ ቤት መጽሐፍ የሚሰፋው አሥራ ስድስት አሥራ ስድስት ገጽ እያጠፈ ነው፤ አንዱ እጥፋት ያለ ቦታው ገብቷል። አለቀ። አስማማው ከመቃብር አልተነሣም፤ ሰውዬው ቁርሱን በልቶ፣ ተጨቃጭቆ፣ መኪና ገጭቶት በወጉ ነው የሞተው።

ይህን ሳገኝ ደስ አለኝ፤ ወዲያው ደግሞ መጽሐፉን ዘጋሁት። ሥራውን የምፈልገው ከአቶ ፍስሐ ነው። ስህተቱ የአቶ ፍስሐ ነው። በአደባባይ «መጽሐፍዎ ተገልብጦ ተሰፍቷል» ብዬ ነው እንጀራ የምጠይቃቸው? ምናልባት የእኔ ቅጂ ብቻ ይሆናል ብዬ ተጽናናሁ።

ቅዳሜ ቀደም ብዬ ደርሼ የጎረቤቴን ቅጂ ገለጥ አደረግኩ። 96፣ 113። ሌላም አየሁ። 96፣ 113። ሁላችንም የገዛነው ከአንድ ሱቅ ነው።

ደራሲው ስካርፍ ጠምጥሞ ከፊት ተቀምጧል። አቶ ፍስሐ ከጎኑ ናቸው፤ ወፍራም መነጽር ያደረጉ፣ ዝምተኛ ሰው። ናሆም ታሪኩን ከነቃሬዛው ቁርስ በአጭሩ ተርኮ ከፈተው፤ «ናሬቲቩ ሊኒየር አይደለም፤ ታይምን ብሬክ ያደርገዋል» አለ። ወይዘሮ አስካለ ቀጠሉ። ከመንግሥት ሥራ ጡረታ ወጥተው ሙሉ ጊዜያቸውን ለአስተያየት የሰጡ እናት ናቸው። ባሏ ከመቃብር ተነሥቶ ቁርስ ሲጠይቃት ሚስቲቱ አለመደንገጧ የኢትዮጵያን ሴት ትዕግሥት ያሳያል አሉ፤ ራሳቸውም ስንት ነገር ችለው እንደኖሩ አያይዘው ተረኩ። አንድ ከረባት ያሰረ ሰውዬ ደግሞ ቁርስ በቃሬዛ መግባቱ የኑሮ ውድነትን በጥልቀት የሚገልጽ ነው አለ፤ ቁርስ ራሱ ታሟል ለማለት ነው። መጽሐፉን ገና እንዳልጀመረው ግን አልደበቀም። ተጨበጨበለት።

እኔ ደራሲውን ነበር የማየው። መጀመሪያ ግንባሩ ተኮማተረ። ቁርስ በቃሬዛ ሲባል ወደ አቶ ፍስሐ ዞር አለ። «ይህን የመሰለ ድፍረት በሥነ ጽሑፋችን አልታየም» ሲባል ግን ፊቱ ቀስ እያለ ተፈታ፤ ስካርፉን አስተካከለ፤ በመጨረሻም ራሱን መነቅነቅ ጀመረ። ሰው ያልሠራውን ሥራ አምኖ ሲቀበል አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ከሦስት ሜትር ርቀት አየሁት።

ናሆም ስሜን ጠራ። ተነሣሁ። ያዘጋጀሁት ንግግር ሁሉ ከአፌ ጠፋ። ስለ ገጸ ባሕርይ አሣሣል ላወራ ነበር። ግን ብሎኗ ጠረጴዛው ላይ ተርፋ እያየኋት ስልኩን እንዴት ልዝጋው?

«ከገጽ 96 ቀጥሎ ያለው ገጽ 113 ነው» አልኩ። «አንድ እጥፋት ያለ ቦታው ተሰፍቷል። አስማማው አልተነሣም።»

ከዚያ ሁሉም መጽሐፉን ገለጠ። አዲስ መጽሐፍ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲገለጥ ጀርባው የሚያሰማውን ድምፅ ታውቁት የለ? ቀጭ። ያን ቀን ከየአቅጣጫው ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ አለ። ስለ መጽሐፉ ሁለት ሰዓት ሙሉ ተናግረው ገና አሁን ነው የከፈቱት።

የሚያፍሩ መሰላችሁ? ወይዘሮ አስካለ በእናት ዓይን አዩኝ።

«ልጄ፣ ጥልቅ ነገር በቁጥር አይገኝም።»

ናሆም ደግሞ የገጽ ቁጥሩ ራሱ ሲምቦል ሊሆን ይችላል አለ። ባለ ከረባቱ፣ አገራችን ወደኋላ የቀረችው እንዲህ ቁጥር በሚቆጥሩ ሰዎች ነው ብሎ ደመደመ። ሁሉም ወደ ደራሲው ዞሩ። አንድ ቃል ቢናገር እገላገላለሁ። የጻፈው እሱ ነው፤ አስማማውን በስንተኛው ገጽ እንደገደለው ከእሱ ሌላ ማን ያውቃል?

ደራሲው ስካርፉን እንደገና አስተካከለና፣ «ሁሉም አንባቢ አንድ ደረጃ ላይ አይደርስም» አለ።

ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። ቁጭ አልኩ። ስምንት ወር ጠብቄ ያወጣኋት አንዲት እውነት ይኸውላችሁ እንዲህ ተቀበረች፤ ለዚያውም ሳትነሣ።

ስወጣ አቶ ፍስሐ ደረጃው ላይ ቆመው ይጠብቁኝ ነበር። መጽሐፉ በእጃቸው ነው፤ ጣታቸው 96 እና 113 መካከል ገብቷል። ከእኔ ሌላ ያየው ሰው እንዳለ ጠየቁኝ። የለም አልኳቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ።

«ጎበዝ ነህ» አሉ። «ሰኞ ጠዋት ገርጂ ቢሮ ና።»

እስከ ሰኞ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ለነገሩ ፍርድ ዘግይቶም ቢሆን ይመጣል፤ ያነበበ ሰው ባላነበቡት መካከል አንድ የሚሰማው ሰው አያጣም እያልኩ ሸሚዜን ሁለት ጊዜ ተኮስኩ።

ሰኞ ጠረጴዛ ሰጡኝ፣ ቀይ እስክሪብቶ ሰጡኝ። ከዚያ የመጀመሪያ ሥራዬን አስረዱኝ። የቅዳሜው ውይይት ቪዲዮ ቴሌግራም ላይ ተዛምቶ፣ ሙት ቁርስ የሚበላበት መጽሐፍ እየተባለ ሱቆች ሌላ ላኩልን እያሉ ነው። ሁለተኛ ዕትም ይወጣል። ደራሲው በአሁኑ ቅደም ተከተል እንዲታተም አዟል፤ ቁርስ በቃሬዛ የምትለዋን ዓረፍተ ነገርማ ማንም እንዳይነካት በጽሑፍ አሳስቧል። ከእኔ የሚጠበቀው 113 የነበረው 97 እንዲባል፣ 97 የነበረው ደግሞ 113 እንዲባል የገጽ ቁጥሮቹን ማስተካከል ብቻ ነው።

«ከአንተ በቀር ያየው የለም» አሉኝ አቶ ፍስሐ፤ «ሁለተኛ ሰው እንዳያየው አድርግ።»

ምን ላድርግ? ሥራዬ ነው፤ ሠራሁት። ሠላሳ ሁለቱንም ቁጥሮች ሦስት ጊዜ ደጋግሜ አጣራሁ፤ አንዲትም አላመለጠችኝም። አዲሱ ዕትም ወጥቷል፤ ሽፋኑ ላይ በትልቁ «ታርሞ የታተመ» ይላል። አራሚው እኔ ነኝ።