ዋናው ይታረም

በዲላ ከተማ ስሕተት የሚባል ነገር አጠገቡ የማይደርስ አንድ የተከበረ ጽሕፈት ቤት ነበር። ወይዘሮ አሰገደች ግን በዚህ ቤት የተነሳ ሰባት ዓመት ሙሉ አንጀቷ ሲያርር ኖሯል።

የጽሕፈት ቤቱ ገልባጭ ዘነበ እጅ ጽሑፉ ያማረ፣ ጆሮው ንቁ ነው፤ ሲገለብጥ የሚያየውን ትቶ የሚሰማውን ይጽፋል። የአሰገደችን የመሬት ማስረጃ ሲገለብጥ ጓደኛው በቅሎው ከምንጩ በታች ጭቃ ውስጥ እንዴት እንደ ተዘፈቀች ያወጋው ነበር። "ከምንጩ በላይ ያለው የቡና ማሳ" የሚለው "ከምንጩ በታች" ሆኖ ወጣ። "ከዋናው ጋር ትክክል ነው" የሚል ማኅተም ተመታበት። ከምንጩ በታች ያለው እንቁራሪት ብቻ ነው። ቡናው "ባለቤት አልባ" ተብሎ ለሹሙ ለግራዝማች ሀብተ ጊዮርጊስ አማች ተሰጠ።

አሰገደች ዋናውን ይዛ አቤት አለች። ግራዝማች ሁለቱን ወረቀቶች አስተያዩ።

"እውነትም አይገናኙም። ዘነበ! ዋናው ይታረም።"

"ዋናው?" አለች አሰገደች።

"ግልባጩ አዲስ ነው፤ ማኅተም አለው። ከዛሬ ጀምሮ ደንባችን ይኸው ነው።"

ታረመ።

በ፲፱፻፷፭ ዓ.ም. ጓዳዋን የተከራየው የሳይንስ መምህር ፈለቀ አንድ ነገር አጫወታት። ሰውነታችን በዓይን በማይታዩ ሴሎች የተሠራ ነው፤ አንዱ ሴል ሁለት ሊሆን ሲል ዲ ኤን ኤ የሚሉትን የዘሩን ጽሑፍ ይገለብጣል። የሴሉ ገልባጭ የማይሆን ፊደል ካስገባ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ተመልሶ ይቆርጠዋል፤ ትክክለኛውን ይተካል።

"ካመለጠውስ?"

"ከኋላው አራሚዎች አሉ፣ እትዬ። አዲሱን ከአሮጌው ያመሳክራሉ።"

"ሲለያዩ አሮጌውን ይፍቃሉ?"

"ኧረ አዲሱን! አሮጌውን ከፋቁማ ስሕተቱ ለዘር ይተርፋል።"

"ማኅተሙንስ ማን ይመታላቸዋል?"

"ማንም።"

በማግስቱ ይህንኑ ለግራዝማች ነገረቻቸው።

"በእኔ ሰውነት ውስጥ ያለ ፈቃዴ የሚያርም አለ?" ብለው ተቆጡ። "ማን ቀጠረው? እኛ ጋ ደንቡ ደንብ ነው!"

በዚያው ሳምንት ግራዝማች እንደ በፊቱ በዲላ እንዲያገለግሉ የሚያዝ ደብዳቤ መጣና ለዘነበ እንዲገለብጠው ተሰጠው። አሰገደች ወንበር ስባ አጠገቡ ተቀመጠች።

"ዘነበ ወንድሜ፣ የቡሌን ብርድ ታውቀዋለህ? ቡሌ እኮ ጆሮ ይቆርጣል። ወደ ቡሌ በእግር ነው የሚወጣው። ቡሌ ..."

ግልባጩ ባማረ እጅ ጽሑፍ "በቡሌ እንዲያገለግሉ" ብሎ ወጣ። ማኅተም ተመታበት።

"ዋናው እኮ ዲላ ነው የሚለው!" ብለው ጮኹ ግራዝማች።

"ታርሟል፣ ጌታዬ፤ በደንብዎ መሠረት" አላቸው ዘነበ።

ግራዝማች ጋቢያቸውን ተከናንበው ዳገቱን በተያያዙት ማግስት፣ አሰገደች የመሬት ማስረጃዋን ዘነበ ፊት ዘረጋች። ወንበሯንም ሳበች።

"በል ገልብጥልኝ፤" አለችው። "እኔ ደግሞ ከምንጩ በላይ ስላለው ቡና ላጫውትህ።"