አንገት የደፋች እሺ አለች?

ዝምታ ወርቅ ነው እንላለን፤ የማን ወርቅ እንደሆነ ግን ጠይቀን አናውቅም። ሴት ልጅ አንገቷን ከደፋች «አፍራ ነው» ብለን እንተረጉማለን፤ «አፍራ ነው» የሚለውን ደግሞ «እሺ ብላለች» ብለን መልሰን እንተረጉመዋለን። በእንዲህ ዓይነት ትርጉም የቆመ ትዳር በየሰፈራችሁ ሞልቷል። አንዱ የእኔ ነው።

የምንኖረው ፈረንሳይ ለጋሲዮን ነው። ባለፈው ወር አንድ ቅዳሜ፣ ዩኒቨርሲቲ የምትማረው ልጄ ሶስና ስልኳ ላይ በሥዕል የሚተረክ የጃፓን ልብ ወለድ እያነበበች ብቻዋን ስትበሳጭ አየኋትና አጠገቧ ተቀመጥኩ። የሁለት ወጣቶች ፍቅር ነው። ሁለቱም ወንዶች መሆናቸው ሲገባኝ ልቆጣ አፌን ከፈትኩ።

«አባዬ፣ እሱን በኋላ ትቆጣኛለህ። መጀመሪያ ይሄን እይልኝ።»

አየሁ። አንደኛው የሌላውን እጅ ይዟል። የተያዘው ፊቱን አዙሮ «ተው፣ ልቀቀኝ» ይላል። ጉንጩ ላይ ግን ሰያፍ መስመሮች ተሰምረዋል፤ አፍሯል ለማለት ነው።

«አፉ እምቢ እያለ ሠዓሊዋ ጉንጩን ታቀላውና እሺ ብሏል ትለናለች» አለች ሶስና። «ሁሉም ታሪኮች እንደዚህ አይደሉም፤ ጠይቀው መልስ የሚጠብቁባቸውም አሉ። ይሄኛው ግን ያናድደኛል።» ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ። «ለመሆኑ አንተ እማዬን ጠይቀሃታል?»

«ሽማግሌ ልኬ ነዋ!»

«እሱማ ወደ አያቴ ነው። እሷንስ?»

ቁጣዬ የት እንደገባ እንጃ።

በማግስቱ ከባለቤቴ ከአስካለ ጋር ለቅዳሴ ወደ እንጦጦ ስንወጣ፣ ባሕር ዛፉ መሀል ስንደርስ ጠየቅኳት። ከመጋባታችን በፊት መንገድ ላይ ጠብቄ እጇን ስለያዝኩበት ቀን ነው። «አንገትሽን የደፋሽው አፍረሽ ነበር?»

ቆመች።

«ፈርቼ ነበር። ልቀቀኝ ብዬህ ነበር፤ አልሰማኸኝም።»

«ሰምቼሻለሁ» አልኩ። ከዚህ የከፋ መልስ አልነበረም፤ እውነቱ ግን እሱ ነው።

ነጠላዋን አስተካከለች። «በኋላ ወድጄሃለሁ። በኋላ መውደዴ ግን ያን ቀን አይሽረውም።»

ይቅርታ ጠየቅኳት። ጥቂት ተራመድንና፣ ድፍረቱን ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም፣ «አሁን ብጠይቅሽስ? ታገቢኛለሽ?» አልኩ።

«ላስብበት» ብላ ቀድማኝ ወጣች።

ይኸው ሦስት ሳምንት ሊሞላ ነው። ታጫውተኛለች፣ ትስቃለች፣ ስላመመኝ ጉልበት ትጠይቀኛለች። መልስ ግን የለም። ሶስናን ባማክራት «አትቸኩልባት» አለችኝ። አልቸኮልኩም። መጠበቅ እንዲህ እንደሚያስፈራ ግን በዚህ ዕድሜዬ ገና አሁን አወቅኩ።